ፎቶዎቹን ከመደርደርሽ በፊት ወረቀቱን ለኪ

ውድ እህቴ፣

ከኮምቦልቻ በጻፍሽልኝ ደብዳቤ እንደገለጽሽው፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ከተመረቅሽ በኋላ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ለኤዲተርነት አመልክተሽ፣ ስድስት የሠርግ ፎቶዎችን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን እንድትደረድሪ ተፈትነሻል፤ በስልክሽ በለመድሽው ኮላጅ መሥሪያ ሠርተሽ ስታስረክቢ ግን «ስልክ ላይ ያምራል፣ ሲታተም ደበዘዘ» ተብለሽ ተመልሰሻል። አሁን የምትጠይቂኝ ሙያውን ትተሽ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሌላ ሥራ ብትፈልጊ ይሻል እንደሆነ ነው። በዚህ አንድ ፈተና ምክንያት እንዳትተዪው እመክርሻለሁ፤ ምክንያቱም ያጣሽው የልኬት ልምድ ነው፣ እርሱም በጥቂት ሳምንታት ትጋት የሚገኝ ነው።

የፎቶ ቤት ሥራ የሚጀመረው ከወረቀቱ ነው። በ20 በ30 ሴንቲሜትር ወረቀት የሚታተም ገጽ፣ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ሲሰላ፣ 2362 በ3543 ፒክስል ይፈልጋል። ስልክ የሚያወጣው ኮላጅ 1080 ፒክስል ብቻ ስፋት ካለው፣ በዚሁ ጥራት የሚሸፍነው 9 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲለጠጥ መደብዘዙ አይቀርም። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የሚላክ ምስል ስለሚጨመቅም፣ ደንበኛው እንደ ፋይል እንዲልክልሽ መጠየቅን ልማድ አድርጊው።

ፎቶሾፕ ላይ ገጹን በዚህ መጠን ከከፈትሽ በኋላ ዳሩን 1 ሴንቲሜትር፣ በፎቶዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ግማሽ ሴንቲሜትር አድርገሽ በሁለት ዓምድና በሦስት ረድፍ በመስመር ክፈዪው፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ 8.75 በ9 ሴንቲሜትር ይደርሰዋል። በየቦታው ሳጥን ሣዪና ፎቶውን በላዩ አስገብተሽ ፎቶው ከሳጥኑ ውጭ እንዳይታይ በሚያደርገው በክሊፒንግ ማስክ እሰሪው። በዚህ መንገድ ፎቶውን ሳትቆርጪ በሳጥኑ ውስጥ እያንሸራተትሽ የሙሽራዋን ፊት የምትፈልጊው ቦታ ላይ ታሳርፊዋለሽ። መጠን ስትቀይሪ ግን ተጠንቀቂ፦ ከ2019 እትም ወዲህ ጥጉን ስትጎትቺ ፎቶው ራሱ የቁመትና የስፋት ምጥጥኑን ይጠብቃል፣ የሺፍት ቁልፍን ከተጫንሽ ግን ይዛባል፤ በቀድሞዎቹ እትሞች ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ይህን ሳያጣራ የሚሠራ ሰው ሙሽራዋን በአንድ ገጽ ላይ አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም አድርጎ ያስረክባል፤ ይህን ደግሞ ቤተሰቡ ከማንም በፊት ያየዋል።

ከስድስቱ መካከል የቤተ ዘመድ የጅምላ ፎቶ ካለ፣ እኔ እኩል አከፋፈልን አልመርጥም። በትንሽ ሳጥን ውስጥ የአያቶች ፊት ይጠፋልና፣ ያን ፎቶ ከላይ ሙሉ ረድፍ ስጪው፤ ከሥሩ ሁለት፣ ከዚያ በታች ሦስት ብታደርጊ ስድስቱም ቦታቸውን ያገኛሉ።

የፎቶ ቤት የዕለት እንጀራ ግን ጉርድ ፎቶ መሆኑን አትርሺ። 10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ 3 በ4 የሆኑ ስምንት ጉርዶች ለመቀስ የሚበቃ ክፍተት ኖሯቸው ይገባሉ፤ ይህን ገጽ አንድ ጊዜ አዘጋጅተሽ ካስቀመጥሽ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስና ደንበኛ ሲበዛ ፊቱን ብቻ እየቀየርሽ ታትሚያለሽ። ፎቶሾፕ ከሌለሽ በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈተው ፎቶፒ ወይም ነፃው ጂምፕ ለልምምድ ይበቃሉ።

የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ወደዚያው ፎቶ ቤት ስትመለሺ፣ በትክክለኛው መጠን የታተመውን ገጽና ሌየሮቹ (ፎቶዎቹ ለየብቻ የተቀመጡባቸው ንብርብሮች) ያልተጨፈለቁበትን የፎቶሾፕ ፋይል፣ ማለትም ፒኤስዲውን፣ በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ባለቤቱ ፋይሉን ከፍቶ አንዱን ፎቶ በሌላ መተካት ከቻለ፣ እንዴት እንደምትሠሪ በዓይኑ አየ ማለት ነው። ሌላ ፈተና ቢሰጥሽም ኮምፒውተሩን ከመንካትሽ በፊት «የሚታተመው በምን መጠን ነው?» ብለሽ ጠይቂው።