ቦታውን ካልፈለጋችሁት ንገሯቸው

ፒኤችዲም ሆነ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) የምታመለክቱ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ስንት ጎበዝ ልጅ በጠባዩ ብቻ ቦታ ሲያመልጠው አየሁ።

1. ወረቀት። ሲቪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የአንድ ገጽ ማመልከቻ፣ ሁሉም በፒዲኤፍ። በቃ።

2. ኢሜይል። እኛ «ዶክተር» ብለን የምናስከትለው የሰውየውን የራሱን ስም ነው፤ ፈረንጆቹ ጋ ግን ከፕሮፌሰር ቀጥሎ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው። ለሴት ፕሮፌሰር «ውድ ጌታዬ» ብሎ የጻፈም አይቻለሁ። አንዱ ደግሞ ያንኑ ደብዳቤ ለሠላሳ ሰው ባንዴ ላከው፣ የሁሉም አድራሻ ከላይ ተደርድሮ ይታያል። ማን ይመልስለት? ውዳሴውን ተዉትና አንድ ጽሑፋቸውን ከልብ አንብባችሁ የያዛችሁን ጥያቄ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ስዊድንና ጀርመን የፒኤችዲ ቦታ ብዙ ጊዜ ደመወዝ ያለው፣ በማስታወቂያ የሚወጣ ሥራ ነው፤ በፖርታል (በማመልከቻ ድረ ገጻቸው) አስገቡ ከተባለ በኢሜይል አትላኩ። መልስ ከዘገየ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱ።

3. ላሽ ማለት። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈልግ በቀን ሦስቴ የሚደውል ልጅ፣ ቦታውን ሲያገኝ ድምፁ ይጠፋል። መምህሩ እሁዱን ሰውቶ ጽፎለት ማለፉን የሚሰማው ከሌላ ተማሪ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን አንዱን ቦታ እሺ ብሎ ሌላ ሲመጣ መሰወር ነው።

እኔ አድርጌዋለሁ። እሺ ብዬ ጻፍኩ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የተሻለ መጣልኝ፣ አፈርኩና ዝም አልኩ። ፕሮፌሰሯ ሁለት ጊዜ ጻፉልኝ። ሁለተኛው «ደህና ነህ? ቪዛው አስቸግሮህ ከሆነ እናግዝሃለን» ይላል። አንብቤ ዘጋሁት። በዓመቱ አንዲት ያገሬ ልጅ እዚያው ላብራቶሪ አመለከተች። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ሥራዋ ብዙም ሳይጠይቋት «ከተቀበልንሽ በርግጥ ትመጫለሽ?» እያሉ ደጋገሙባት። አልወሰዷትም። ምክንያቱን ማንም አልነገራትም፤ እኔ ግን ያ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ለፕሮፌሰሯ ይቅርታ የጻፍኩት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ለልጅቷ እስካሁን አልነገርኳትም።

ጊዜ ካስፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። አሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ኤፕሪል 15 የሚባል ቀን አለ፤ ከነገንዘብ ድጋፉ ለተሰጣችሁ ቅበላ ከዚያ በፊት መልስ ለመስጠት አትገደዱም። ሌላ አገር ከሆነም «ሌላ ውጤት እየጠበቅሁ ስለሆነ እስከዚህ ቀን ይታገሱኝ» በሉ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ይህን ላኩ፦

«ቦታውን ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላ ቦታ ለመቀበል ወስኛለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተጠባባቂ ካለ ቶሎ እንዲጠሩት ብዬ ነው ዛሬውኑ የጻፍኩልዎ።»