ባይፓስ መንገድ (ከተማ ውስጥ ሳይገባ ዞሮ የሚያልፍ) በሰፈራችን ሊያልፍ ነው ለምትሉ፦ ስለ ምክክሩና ስለ አካባቢ ጥናቱ ጠይቁኝ

ስራዬ የመንገድ ፕሮጀክቶች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስብሰባ የሚጠሩን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፣ መሄዱ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ዋናው ሰዓት ስኮፒንግ የሚባለው ነው፣ ጥናቱ ምን ምን ይይ የሚለው የሚወሰንበት ማለት ነው፣ እዛ ላይ ያልተነሳ ጉዳይ በኋላ ሪፖርቱ ውስጥ ለማስገባት በጣም ይከብዳል። ካለፋችሁም ግን ሂዱ፣ መስመሩ ባይቀየር እንኳ መሻገሪያው፣ የውሃ ማፋሰሻው፣ መግቢያ መውጫው ዲዛይኑ እስኪዘጋ ይቀየራል። ደግሞ "አንፈልግም" ብሎ መውጣት ብቻውን ብዙ አይሰራም፣ ካርታው ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ "ልጆቻችን የሚሻገሩት እዚህ ጋ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ የሚተኛው እዚህ ጋ ነው" በሉ፣ ይሄን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ኮንሰልታንት የለም። በቃል ያላችሁትን በጽሁፍም አስገቡና ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ መንገዱ ጭራሽ ባይሰራስ የሚለው ይጠናል እንዴ?

መልስ፦ መጠናት አለበት! የአካባቢ ጥናት የሚባለው አሰራር የጀመረው እ.ኤ.አ ጥር 1 ቀን 1970 በተፈረመው የአሜሪካ የአካባቢ ህግ ነው፣ አማራጮችን ማወዳደር ያኔም ዛሬም የጥናቱ ልብ ነው። አንድ መስመር ብቻ ይዘው ከመጡ አጥብቃችሁ ጠይቁ። እኔ መጀመሪያ የማየው አሁን ካለው ትራፊክ ስንቱ አላፊ ነው ስንቱስ እዛው ከተማ ውስጥ የሚቀር ነው የሚለውን ነው፣ አብዛኛው እዛው የሚቀር ከሆነ ባይፓሱ መጨናነቁን ብዙም አያቃልለውም። አዲስ መንገድ አዲስ ትራፊክ እንደሚፈጥር ደግሞ እ.ኤ.አ በ1994 የእንግሊዝ መንግስት አማካሪ ኮሚቴ ራሱ አረጋግጧል፣ ስለዚህ ትንበያው ይሄን አስልቷል ወይ በሉ። አሮጌው መንገድስ ምን ይሆናል? የእግረኛ መንገዱ ካልሰፋ፣ ፍጥነት ካልተገደበ ተመልሶ ይሞላል።

ጥያቄ፦ ድምፁ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው አሉን፣ ትንሽ ነው?

መልስ፦ ቁጥሩ ያታልላል፣ 3 ዴሲቤል ማለት የመኪናው ብዛት እጥፍ ሲሆን የሚመጣው ጭማሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2018 ያወጣው ምክር የሌሊቱ የመኪና ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች ይሁን ይላል፣ እናንተም የሌሊቱን ለብቻው አሳዩን በሉ፣ የቀኑ አማካይ ሌሊት የሚያልፈውን ከባድ መኪና ይደብቃል። የድምፅ ግድግዳ ይረዳል፣ ግን ፎቅ ላይ ላለ ሰው ጥቅሙ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጥናቱ ለምን ይሄን ያህል ይቆያል?

መልስ፦ ወፍ ጎጆ የሚሰራበት ወቅት አለው፣ ወንዝም በበጋና በዝናብ አንድ አይደለም። በአንድ ሳምንት ጉብኝት ተሰርቶ ያለቀ ጥናት ካያችሁ እሱ ነው የሚያሳስበው። ከአስፋልቱ ታጥቦ የሚወርደው የጎማና የፍሬን ብናኝ፣ ዚንኩ፣ መዳቡ የት እንደሚገባም ጠይቁ፣ ወንዝ ከመድረሱ በፊት የሚጠራቀምበት ኩሬ ዲዛይኑ ላይ አለ?

ጥያቄ፦ ካሳስ?

መልስ፦ እንደየሀገሩ ህግ ነው። ንብረት ቆጥረው የሚመዘግቡት ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ግን ንብረታችሁን ፎቶ አንሱ፣ መዝግቡ።

ጥያቄ፦ ቃል የገቡትን ሳይሰሩ ቢሄዱስ?

መልስ፦ ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የአካባቢ አስተዳደር እቅድ የሚባል ክፍል አለ፣ ሰው ሳያነበው ነው የሚያልፈው። ለእያንዳንዱ ቃል ማን እንደሚሰራው፣ መቼ፣ በምን በጀት ተጽፎ መገኘት አለበት፣ ባዶ ከሆነ ሳይጸድቅ በፊት በጽሁፍ ተቃወሙ።