ቮልስ እቤት ለማደስ የትኛው ብየዳ ማሽን ይሻላል ላልከው

ወንድሜ የአባቴን ቮልስ ግቢ ውስጥ እያደስኩ ነው፣ የኤሌክትሮድ ማሽን ይበቃኛል ወይስ ሚግ (ሽቦውን ራሱ እየገፋ የሚበይደውን) ልግዛ ላልከው፣ እኔ ሁለቱንም ገዝቼ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ያችን በትከሻ የምትንጠለጠለውን ትንሽ ኢንቨርተር የኤሌክትሮድ ማሽን ገዛሁ። ለበር ለአጥር እንከን አይወጣላትም። የቮልስ ላሜራ ግን 1 ሚሊ እንኳን አይሞላም፣ እሱም ዝገት በልቶት ሳስቷል፣ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ገና ስነካው ቀዳዳ፣ እሱን ልድፈን ስል ሌላ ቀዳዳ፣ ጣት ታስገባ የነበረችው መጨረሻ ላይ ቡጢ አስገባች ሃሃ።

ስለዚህ ሚግ ግዛ። ግን ሻጩ 200 አምፒር ነው 250 ነው እያለ እንዳይሸውድህ፣ አንተ ለላሜራ የምትፈልገው ከ30 እስከ 60 ነው፣ ስለዚህ ወደታች ስንት ድረስ ይወርዳል፣ እዛ ላይስ ሳይቆራረጥ ይሰራል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ከተቻለም እዛው አስሞክር። የጋዝ (ብየዳውን ከአየር የሚከላከለው) መግቢያ የሌለው አትግዛ። ያለ ጋዝ የሚሰራው ሽቦ ለወፍራም ብረት ምንም አይልም፣ ላሜራ ላይ ግን ይሞቃል፣ ይረጫል። እኔማ እሱን ሽቦ አስገብቼ ማሳውን (ብረቱን የሚነክሰውን ገመድ) እና ቶርቹን (በእጅ የሚያዘውን መበየጃ) ሳላቀያይር ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ማሽኑን ስሰድብ ነበር። ለካ ያለ ጋዝ ሲሆን ቶርቹ ኔጋቲቭ ላይ ነው፣ በጋዝ ሲሆን ፖዘቲቭ። ማቀያየር የሚቻልበት መሆኑን እይ። ሽቦው 0.6 ሚሊ ይሁን፣ ሽቦውን የሚገፋው ሮለርም የ0.6 መንገድ ይኑረው። ጋዙ አርጎንና ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ድብልቅ ከሆነ ለስስ ላሜራ ምርጥ ነው፣ ሲኦቱ ብቻውንም ይሰራል፣ ትንሽ ይረጫል እንጂ።

መብራት በሚመለከት የቤት 220 ይበቃዋል፣ ግን በቀጭን ኤክስቴንሽን አትስራ። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ኃይሉ ስለሚወርድ እኔ ጠዋት ነው የምበይደው።

አበያየዱ ላይ መስመር እንዳትጎትት። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዛ ራቅ አድርገህ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ አለዚያ ላሜራው ይጣመምና ዕድሜህን ስቱኮ ስትቀባ ትኖራለህ። መጀመሪያ ከሱማሌ ተራ የተጣለ ኮፈን ፈልገህ እሱ ላይ ተለማመድ።

ባትሪው የት ነው፣ ከኋላ ወንበር ስር ነው ወይ ላልከው፣ አዎ እዛ ነው፣ አሲዱ ወለሉን ስለሚበላው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትበይደው እዛው ጋ ነው። ባትሪውንም ወንበሩንም አውጣ፣ ወንበሩ ውስጥ ያለው ቃጫ መሰል ሙሌት ቶሎ ነው የሚቀጣጠለው። ከፊት ስትሰራ ደግሞ የቤንዚን ታንከሩ ይውረድ። ወለሉን ስትከፍት ፎቶ ልቀቅልን፣ ምን ያህል እንደተበላ አይተን እንነግርሃለን።