«የጨርቅ ዳይፐር ያዋጣል ወይ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ኮንዶሚኒየም ትኖሪያለሽ፣ የዳይፐር ዋጋ አስደንግጦሽ «የጨርቁ ያዋጣል ወይ? ስንት ልግዛ? ዋይፕስስ በጨርቅ ይሆናል?» ብለሻል። «በጣም ያዋጣል» ብለው ልብ ለጥፈው ያለፉትን ተያቸው። ማዋጣቱን ያዋጣል። እኔን ግን ማዋጣት የጀመረው 13,200 ብር ገደል ከገባ በኋላ ነው። አንቺ እንዳትደግሚው ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ልጄም ተኝታለች።

1ኛ፦ ከዳይፐሩ በፊት ውሃሽን ቁጠሪ። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው። እሱም አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት ሲያሰኘው። ያንቺም ከዚህ ብዙ አይለይም። አራስ ልጅ በቀን አሥርም አሥራ ሁለትም ጊዜ ትቀየራለች። እኔ እርጉዝ ሆኜ የቆጠርኩት ዳይፐር ብቻ ነበር። በርሜል የተገዛው ከወለድኩ በኋላ ነው። ባለቤቴ በሦስት ቀን የአባትነት ፈቃዱ ላይ በደረጃ ተሸክሞ ሲያወጣው ወገቡን ያዘውና ሁለታችንም አራስ ሆንን።

2ኛ፦ አንድ ዓይነት ዳይፐር በጅምላ እንዳትገዢ። የኔ ጉድ እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ የምትሸጥ ሴት አገኘሁ። መምጠጫው የሚገባበት ኪስ ያላቸው፣ ዝሆንና ቀጭኔ ያለባቸው፣ ጠቅ ጠቅ በሚል ቁልፍ ከአራስነት እስከ ሁለት ዓመት መጠናቸው የሚስተካከል። «ውስጡ ባምቡ (የቀርከሃ ጨርቅ) ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይይዛል» አለችኝ። አንዱ 550 ብር። 24 ገዛሁ። አጣጥፌ ደርድሬ በየቀኑ ቁም ሳጥኑን እየከፈትኩ አያቸው ነበር። ሞኝ!

ባምቡ የተባለው ነገር ከላይ ግራጫ ጨርቅ ተለብጦበት ውስጡ ማይክሮፋይበር የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ማይክሮፋይበር ሽንቱን ቶሎ ይመጠዋል፣ ሲጫኑት ግን እንደ ስፖንጅ መልሶ ይተፋዋል። ሕፃን ደግሞ ሥራዋ መታቀፍና መታዘል ነው። ይሄን አስቀድሞ የነገረኝ የለም። የተማርኩት በክርስትናዋ ቀን ነው።

ሰማንያዋ የዋለው በ2016 ሐምሌ መጨረሻ ነው፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀበት ሳምንት። ያኔ የሰፈራችን ሱቅ ዳይፐር ላይ በአንድ ሳምንት ሁለቴ ጨመረ። እኔ ደግሞ ኩራቴ! «እኛ ጨርቅ ነው የምንጠቀመው» እያልኩ ለሁሉም አወራለሁ። ዋዜማውን፣ እንግዳ ስለሚመጣ ሽታቸው ደስ እንዲል ብዬ ዳይፐሮቹን በልብስ ሶፍትነር አለቀለቅኳቸው። ሶፍትነር ጨርቁ ላይ ቅባት ነገር ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አይጠጣም። ይሄንንም አላውቅም።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ክርስትና እናቷ ታቅፋት ተቀምጣለች። አዲስ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች። ወሬዋን እያወራች ድንገት ዝም አለች። ቀስ ብላ ልጅቷን ከጭኗ ከፍ አደረገቻት። ከጥለቱ በላይ መዳፍ የሚያህል ቢጫ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፣ ዶሮ ወጡ እየቀረበ ነው፣ እኔ ተንበርክኬ በእርጥብ ፎጣ የሰው ቀሚስ እፈትጋለሁ። «ኧረ ምንም አይደል» ትላለች ምስኪን። እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ለሻጯ ፎቶ አንሥቼ ላኩላት። «አጠቃቀም አታውቂበትም» አለችኝና ብሎክ አደረገችኝ። ሶፍትነሩ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ባምቡ ያልሆነውን ባምቡ ብላ የሸጠችልኝ ግን እሷ ናት።

እናቴ ያን ቀን ምንም አላለችም። ከሦስት ቀን በኋላ ከመርካቶ አንድ ጥቅል አቡጀዲ አስይዛ መጣች። «አምስታችሁንም ያሳደግኩት በዚህ ነው» አለችና ቁጭ ብላ መቅደድ ጀመረች።

3ኛ፦ እንግዲህ አቡጀዲ ግዢ። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነውን 27 ሜትር። በየ90ው ሲቆረጥ 30 የሽንት ጨርቅ ይወጣዋል። ጫፉን ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ኦቨርሎክ ያድርግልሽ፣ አለዚያ ተተርትሮ ያልቃል። አዲሱን አቡጀዲ እንደመጣ ልጅ ላይ እንዳታደርጊው። ሦስት አራት ጊዜ በፈላ ውሃና በሳሙና ካልታጠበ ውሃ ላዩ ላይ ይንከባለላል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ጠብታ አንጠባጥበሽ ሞክሪው። ወዲያው ከጠጣው ደርሷል።

ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት ታጥፊና ሦስት ማዕዘን አድርገሽ በመርፌ ቁልፍ ታስሪዋለሽ። ስትወጊ የራስሽን ጣት በጨርቁና በልጅቷ ገላ መሃል አስገቢ፣ ከተወጋም ያንቺ ጣት ይወጋ። ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ፓንት። የአቡጀዲ ጥቅሙ ሲዘረጋ አንድ ነጠላ ጨርቅ መሆኑ ነው። በትንሽ ውሃ ይለቃል፣ በክረምትም ቤት ውስጥ አድሮ ይደርቃል። ያ ኪስ ያለው ወፍራሙ ነሐሴ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተንጠልጥሎ አሁንም እርጥብ ነው።

ሒሳቡን በደብተር ይዤዋለሁ። ጨርቁ 2,430፣ ሰፊው 450፣ ስድስት ፓንት 1,500፤ ድምር 4,380 ብር። የሱቁ ዳይፐር ያኔ አንዱ 18 ብር ነበር። በቀን ስምንት ብትይ በወር 4,320 ነው። የወር ወጪዬ ሲቀነስ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ዋጋውን መለሰልኝ ማለት ነው። ወጪዬ ሳሙና፣ ውሃና ለሌሊት አንድ የሱቅ ዳይፐር ነው፣ ያኔ በወር ወደ 1,240 ብር ነበር። አዎ፣ ሌሊት የሱቁን ነው የማደርግላት። ተኝታ ልደር እንጂ ለማን ብዬ ነው የምጀግነው!

4ኛ፦ አጠባ። ካካ ያለበትን ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢና ክዳን ያለው ደረቅ ባልዲ ውስጥ ትጥያለሽ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ከሁለት ቀን በላይ እንዳታቆይው፣ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ኦሞ አታብዢ። ውሃ ሲያንስሽ ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፣ እሱ ነው መቀመጫዋን የሚያቀላው። የመጨረሻው መለቅለቂያ ንጹሕ ስለሆነ በባልዲ ይቀመጥና ለነገ የመጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል። የመጀመሪያው ደግሞ ሽንት ቤት ይደፋበታል። እኛ ቤት ለሽንት ቤት ንጹሕ ውሃ መድፋት ከቀረ ቆየ። በረኪና ፓንቱ ላይ እንዳይነካ፣ ላስቲኩን ይበላዋል። ቢጫውን ፀሐይ ያነሣዋል። እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ማታ ቢጫውን ፈልገሽ አታገኚውም።

የቤት ሠራተኛዬ ግን «ይሄን አላጥብም» ብላ በሁለተኛው ሳምንት ሄደች። አልፈርድባትም። አሁን ካካ ያለበትን እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን የምናጥበው። ኮሪደሩ ላይ ማስጣቴም ጣጣ ነበረው። አንዲት ጎረቤት «የሽንት ጨርቅ በፊቴ ሲውለበለብ ቁርስ አይበላልኝም» ብላ ለኮሚቴ ከሰሰችኝ። ገመዱን ወደ ኩሽናችን መስኮት አዞርኩት። ዘንድሮ እሷም ወለደች። አቡጀዲ ከየት እንደምገዛ ጠይቃኛለች። ነገርኳት፣ ምን ላድርግ።

ሽፍታ ቢወጣባት ቅቤ እንዳትቀቢያት። አማቴ «ለጋ ቅቤ ነው የሚያድናት» ብላ በየቀኑ ስትቀባት ቅቤው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ያው እንደ ሶፍትነሩ ሆነ። ሙሉውን ጥቅል አፍልቼ ነው ያስለቀቅኩት። ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ስወስዳት ጨርቁን ያየችው ነርስ በሰው ሁሉ ፊት «ዳይፐር መግዛት አቅቷችሁ ነው ልጅ የምታሰቃዩት?» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው «እሷንስ በምን ያሳደጓት መስሏታል?» ያሉልኝ። ለሽፍታው ግን መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ መቀየርና ለትንሽ ጊዜ ሳያስሩ አየር ማስነካት ነበር። በአራት ቀን ጠፋ። ካልጠፋልሽ ሐኪም ያያት፣ በኔ አትሂጂ።

ስለ ዋይፕስ ጠይቀሻል። እሱ በጣም ቀላሉ ነው፣ እንዲያውም ከሱ ጀምሪ። ያረጀ የጥጥ ካናቴራና ያለቀ ፎጣ 20 በ20 አድርገሽ ቁረጪ፣ 30 ያህል ይበቃል። በደረቁ ደርድሪው። እንደ ሱቁ አርጥበሽ ዕቃ ውስጥ ከዘጋሽበት ይሻግታል። እኔ አልጋው አጠገብ ትንሽ ፔርሙዝ አለኝ። ሌሊት ስትነሣ ከሱ ቀድቼ በቀዝቃዛ አለዝቤ፣ በክንዴ ለክቼ ነው የምነክረው። ሳሙናም ሽቶም የለው። ሴት ከሆነች ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ። የቆሸሸው ከጨርቁ ጋር አብሮ ይታጠባል። የሱቅ ዋይፕስ አሁን የምገዛው መንገድ ስንወጣ ብቻ ነው።

24ቱ ምን ሆኑ ካልሽኝ፣ አራቱን ውስጣቸውን አውጥቼ አቡጀዲ እያጣጠፍኩ አስገባባቸዋለሁ። ታክሲ ላይ መርፌ ቁልፍ አይመችም። የተቀሩት አልጋ ሥር ናቸው። ብሸጣቸው እንደዚያች ሴትዮ መሆን መሰለኝ። ሁለቱን በነጻ ውሰጂና ሞክሪያቸው፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሶፍትነሩ ለቋቸዋል።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።