«ልጄን ነጭ ድብ ይበላብኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው ኖርዌይ ነው። አሁን ደግሞ ስቫልባርድ በሚባሉ ደሴቶች ላይ፣ ሎንግየርብየን ከተማ፣ የሆቴል ሥራ አግኝቻለሁ ብላኛለች። ጎረቤቶቼ «እዚያ ነጭ ድብ ሰው ይበላል» እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ። ልከልክላት?
የልጅቷ እናት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እናቴ፣ እዚያው ከተማ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርዎ።

ድቡ እውነት ነው። ግን እርስዎም ልጅ ያሳደጉት ጉማሬ ካለበት ውኃ ዳር ነው። ከከተማ የሚወጣ ሰው ድብ ማባረሪያ መያዝ በሕግ ግዴታው ነው፤ ጠመንጃም ይመከራል። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2020 ድብ የገደላቸው ሰዎች 6 ናቸው። ብቻዋን ሽርሽር ካልወጣች አይስጉ። ከተማ ውስጥ የምታየው እግረ አጭር፣ ድንቡሽ ያለ አጋዘን ነው። ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሣር ይግጣል። ድመት ማሳደግ ግን ክልክል ነው፤ ወፎቹን ትፈጃለች።

እኔን የፈተነኝ ጨለማው ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። ቀትር ላይ ኮከብ ይታያል። ቁርስና እራት ይምታታብኝ ነበር። ከዚያ በኋላም ተራራው ስለሚጋርዳት፣ ብርሃኗ ከተማው ላይ የሚያርፈው በየካቲት መጨረሻ ነው። ያን ቀን ትንሽ ትልቁ የድሮው ሆስፒታል ደረጃ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃታል። ብቅ ስትል ጩኸቱ አይጣል ነው! ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ አትጠልቅም። ያኔ ያለ ወፍራም መጋረጃ እንቅልፍ የለም።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀቷን ታጣራ። «ስቫልባርድ ቪዛ አይጠይቅም» ይባላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን መንገዱ በኖርዌይ በኩል ስለሆነ ለመመለስ የኖርዌይ መግቢያ ያስፈልጋታል። እዚያ የምትቆይበት ጊዜም ለኖርዌይ መኖሪያ ፈቃድ አይቆጠርላትም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ደጓሚ የለውም። ራሱን ካልቻለ ከደሴቶቹ ሊያስወጡት ይችላሉ። ይሄን ሳታጣራ አሁን ያለችበትን ሥራ እንዳትለቅ።

ስለዚህ አይከልክሏት፤ ይጠይቋት። መልሷ ካጠገበዎ ሽሮና በርበሬ ይላኩላት። አትክልቱ ከሩቅ ስለሚመጣ ዋጋው እሳት ነው። ካልሲም ይጨምሩላት። የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አቧራ ይዘው እንዳይገቡ የጀመሩት ልማድ ሆኖ፣ እስካሁን ብዙ ቦታ ጫማ የሚወለቀው በር ላይ ነው። የተቀደደ ካልሲ ያጋልጣል።