የልጅነት መከራና የኋለኛው ዕድሜ ጤና፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የልጅነት መከራና ውጥረት በኋለኛው ዕድሜ ጤናና በእርጅና ላይ ስለሚያሳድሩት ነገር ጠይቁኝ። ሙያዬ የእርጅና ሥነ ሕይወት ነው፤ የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ከወዲሁ ላሳስብ፦ በእጄ ያለው የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። ከአማካይ ተነሥቼ የአንድን ሰው ዕጣ አልናገርም፤ ማንም እንዲናገርባችሁም አትፍቀዱ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ዶክተር፣ ስለ ልጅነት መከራ የሚጠይቀውን ባለ አሥር ጥያቄ መጠይቅ ሞልቼ ውጤቴ 6 ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዕድሜዬ አጭር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። መጠይቁ በልጅነት የታየውን የመከራ ዓይነት ይቆጥራል እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ፣ ሳን ዲዬጎ ለጤና ምርመራ የመጡ ከ17 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ፤ ተደብድበው ወይም ተደፍረው እንደሆነ፣ ችላ ተብለው አድገው እንደሆነ፣ በቤታቸው ሱሰኛ ወይም የታሰረ ሰው ኖሮ እንደሆነ። በ1998 የወጣው የመጀመሪያ ጽሑፋቸው እንዳሳየው፣ አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩት ሰዎች ምንም ካላዩት ይልቅ ለአልኮልና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ያለ ነበር። የልብና የሳንባ ሕመምም ከመከራው ብዛት ጋር አብሮ ይጨምራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን መጠይቁ መከራው በስንት ዓመትዎ እንደደረሰ፣ ለአንድ ሳምንት ይሁን ለአሥር ዓመት እንደቆየ፣ ያኔ ማን አጠገብዎ እንደነበረ አይጠይቅም። 6 ያገኙ ሁለት ሰዎች ፈጽሞ የማይገናኝ ልጅነት ሊኖራቸው ይችላል። አንዳ ራሱ በ2020 ነጥቡ ለግለሰብ መመርመሪያ እንዳይውል በጽሑፍ አስጠንቅቋል። እንቅልፍ ማጣቱን ግን ለሐኪም ይንገሩ፤ እሱ የዛሬ ችግር ነው፤ ይታከማል።

የሕክምና ተማሪ፦ መከራው ወደ ሥጋ የሚገባው በየት በኩል ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አደጋ ሲመጣ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከሥሩ ያለውን ፒቱታሪ የሚባል ዕጢ ያዛል፤ ፒቱታሪ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ያዛል፤ ኮርቲሶል የሚባለው የውጥረት ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል። ኮርቲሶሉ ወደ አንጎል ተመልሶ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል ላይ ካሉት የኮርቲሶል ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ ሥርዓቱ ይረግባል። ልጓሙ ይህ ነው፤ ተቀባዮቹ ሲያንሱ ልጓሙ ይላላል።

አሁን ሞንትሪያል ወደሚገኘው የማይክል ሚኒ ቤተ ሙከራ እንሂድ። አንዳንድ እናት አይጦች በመጀመሪያው ሳምንት ግልገሎቻቸውን አብዝተው ይልሳሉ፤ ሌሎቹ ብዙም አይልሱም። ብዙ የተላሱት ሲያድጉ በሂፖካምፐሳቸው ላይ ብዙ ተቀባይ አላቸው፤ ቢደነግጡም ፈጥነው ይረጋጋሉ። ይህ ውርስ ነው የሚል ይኖራል። ተመራማሪዎቹ ግን ግልገሎቹን አለዋወጧቸው፦ ከማትልስ እናት የተወለደው ለምትልስ እናት ተሰጠ፤ የተረጋጋም ሆኖ አደገ። በ2004 ይኸው ቡድን የተቀባዩን ጂን የሚያስርና የሚፈታ ኬሚካላዊ ምልክት፣ ሜቲሌሽን የሚባለው፣ በእናትየው አያያዝ እንደሚለወጥ አሳየ። ልብ በል፣ ጂኑ ያው ነው። የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው።

ልጓሙ የላላ ሰውነት ለዓመታት በተጠንቀቅ ይኖራል። የደም ግፊቱ፣ የደም ስኳሩ፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ይከፍላሉ። ብሩስ ማክዩዌንና ኤሊዮት ስቴላር በ1993 ይህን የተጠራቀመ ሸክም አሎስታቲክ ጫና ብለው ሰየሙት። በኒውዚላንድ፣ ደኒዲን ከተማ በ1972 እና 1973 የተወለዱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን የሚከታተለው ጥናት ደግሞ በልጅነታቸው የተበደሉት በ32 ዓመታቸው ከፍ ያለ የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ምልክት በደማቸው እንዳለ አግኝቷል። በዚህ ዕድሜ ገና አልታመሙም፤ መንገዱ ግን ተጀምሯል።

እንግዳ፦ ጭንቀት እንዴት ይቀነሳል?

መልስ፦ የማን ጭንቀት? ከምን የመጣ? ከመቼ ጀምሮ? በዚህ መልኩ ለቀረበ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጡረተኛው መምህር፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ሁሉ ትውልዱን ማሞላቀቅ ነው። እኛ እየተገረፍን አደግን፤ ይኸው 70 ዓመት አልፎኝ በእግሬ እሄዳለሁ። መከራ ያጠነክራል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ አብረውዎት ተገርፈው ዛሬ በእግራቸው የማይሄዱት እዚህ መጥተው አይከራከሩዎትም። እኔ ግን በየቀኑ አስታምማቸዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ሕመማቸው ከአርጩሜ መጣ ያለሽ ማን ነው?

ነርሷ፦ ከአርጩሜ ብቻ አላልኩም። ምንም አልጎዳንም የሚለውን ነው የተቃወምኩት።

እንግዳ፦ ስለ አርጩሜ ከተነሣ፣ ልጅ ያለ ቅጣት እንዴት ይታነጻል?

መልስ፦ የልጅ አስተዳደግ ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉት። ጋሼ፣ ግማሽ እውነት ይዘዋል። አጭር፣ አቅምን የማያልፍና የሚያጽናና ሰው አብሮት ያለ ፈተና ልጅን ያበረታል። ማብቂያ የሌለውና ከሚወዱት እጅ የሚመጣ መከራ ግን ሌላ ነው፤ ልጁ የሚሸሸው ወደ ማን ነው? የእርስዎ ጤና ደስ ይለኛል። አማካዩን ግን አይሽርም፤ አማካዩም የእርስዎን ጤና አይሽርም።

የስታቲስቲክስ አስተማሪ፦ በመከራ ያደገ ሰው ያጨሳል፣ ይጠጣል፣ ሕክምና አያገኝም። ዕድሜ የሚያሳጥረው ይህ ሊሆን አይችልም? ደግሞም ሰው ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ ያዛባል።

መልስ፦ ሁለቱም ነጥቦች ተገቢ ናቸው። ለዚህ ነው ወደ ዝንጀሮዎቹ የምሄደው፤ ስለ እነሱ ቀኑን ሙሉ ባወራ አይሰለቸኝም። በኬንያ፣ አምቦሴሊ ከ1971 ጀምሮ የዱር ዝንጀሮዎች እያንዳንዳቸው ተለይተው ከውልደት እስከ ሞት ይመዘገባሉ። አያጨሱም፤ አይጠጡም፤ ሐኪም ቤት የላቸውም። ልጅነታቸውን ራሳቸው አይተርኩም፤ ያኔውኑ ተመዝግቧል። ተመራማሪዎቹ የ196 ሴት ዝንጀሮዎችን መዝገብ ይዘው ስድስት ነገሮችን አዩ፦ በተወለደችበት ዓመት ድርቅ ነበረ ወይ? መንጋው ተጨናንቆ ነበር? እናቷ በመንጋው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነበረች? ብቸኛ ነበረች? ቶሎ ሞተችባት? ታናሽ ቶሎ ተወለደባት? በ2016 የወጣው ውጤት አስደንጋጭ ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው፣ ለአካለ መጠን ከደረሱም በኋላ፣ እምብዛም መከራ ካላዩት ይልቅ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞቱ። መጠጥና ትምባሆ የሰውን ታሪክ ያባብሱታል፤ ታሪኩን ብቻቸውን ግን አይገልጹትም።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ጊዜ አይነገርም። በልጅነታቸው መከራ ካዩት መካከል በአዋቂነታቸው ጠንካራ ወዳጅነት የመሠረቱት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠጉር የሚፈታተሹት፣ ብቸኛ ከሆኑት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ። ያለፈው ይጎዳል፤ የዛሬው ወዳጅነትም በራሱ ያድናል።

ወጣት፦ የክሮሞሶሞቼን ጫፍ፣ ከዕድሜ ጋር ያጥራል የሚባለውን የቴሎመር ርዝመቴን ላስለካ? እውነተኛ ዕድሜዬን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አታስለካ። በጤናማ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ልኬቱም ይዋዥቃል። ስቲቭ ሆርቫዝ በ2013 ያወጣው፣ 353 የሜቲሌሽን ቦታዎችን የሚያነበው የዕድሜ ሰዓትም ለጥናት ግሩም መሣሪያ ነው፤ ለአንተ ግን የደም ግፊትህን መለካት የበለጠ ይጠቅምሃል።

አዲስ ገቢ፦ ውጤቴ 7 ነው። ምን ያህል ዓመት ይቀንስብኛል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ። ነጥቡ የሕዝብ እንጂ የአንድ ሰው መለኪያ አይደለም።

አሳዳጊ እናት፦ አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ከማሳደጊያ ተቀብዬ እያሳደግሁ ነው። ምግብ ትራስ ሥር ትደብቃለች፤ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ዘግይቻለሁ?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ለእርስዎ መመለስ እፈልጋለሁ። በሩማንያ፣ ቡካሬስት 136 የማሳደጊያ ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ገቡ። ከ2 ዓመት በፊት የገቡት በአእምሮ ዕድገትና ከአሳዳጊያቸው ጋር በመተሳሰር በእጅጉ ተሻሉ። ይህን ሰምተው "ከ2 ዓመት በኋላ በሩ ተዘግቷል" የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። ዘግይተው የገቡትም በብዙ ነገር ተሽሏቸዋል። ሌላው ግኝት በቀጥታ እርስዎን ይመለከታል፦ ከቤት ወደ ቤት ሳይዘዋወሩ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ የጸኑት ልጆች ለጉርምስና ሲደርሱ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ።

ኤሚ ዌርነር በሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታትላ፣ ብዙ መከራ ከተደራረበባቸው መካከል ከሦስት አንዱ ያህሉ ብቁና ለሰው አሳቢ ሆኖ ማደጉን አግኝታለች። በሕይወታቸው ደጋግሞ የሚታየው ቢያንስ አንድ የማይከዳ አዋቂ መኖሩ ነው፤ አያት፣ መምህር፣ ጎረቤት።

ስለዚህ ትራስ ሥር የደበቀችውን ምግብ አይቀሟት፤ አይቆጧትም። በምትደርስበት ቦታ፣ የእሷ ብቻ የሆነ፣ ባዶ የማይሆን የምግብ ሣጥን ያስቀምጡላት። በር ሲንኳኳ ማን እንደመጣ ከመክፈትዎ በፊት ይንገሯት። የምትተኛበትና የምትነሣበት ሰዓት አይዛባ። በልጆች ላይ የደረሰ ጉዳትን የሚያውቅ ባለሙያም ቢያያት መልካም ነው። መደበቁን በወራት ውስጥ ካልተወች አይደንግጡ፤ እየቀነሰ መሄዱን ብቻ ይከታተሉ፣ ከፈለጉም ተመልሰው ይጻፉልኝ።