ጂቡቲ ያገለገለ ወታደር አስምና ሳይነስ ቢይዘው ከቪኤ ምን ይጠይቃል?

እህቴ፣ እንደጻፍሽው ወንድምሽ በ2011 ከአሜሪካ ጦር ጋር ጂቡቲ ካምፕ ለሞኒየር ነበር። ከወጣ በኋላ አስምና የማይለቅ ሳይነስ ያዘው። ጦሩ ውስጥ ሳለ ግን አንድ ቀን እንኳ ክሊኒክ ስላልሄደ «ማስረጃ የለኝም» ብሎ ከቪኤ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ወርሃዊ የጉዳት ካሳ መጠየቁን ትቶታል። አይተወው። የእሱ ጉዳይ ከብዙዎቹ የቀለለ ነው።

ለሌላ በሽታ ቪኤ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አሁን በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም፣ በአገልግሎት ጊዜ የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የሐኪም ቃል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ፓክት አክት የተባለው ሕግ ይህንን ለወንድምሽ አንስቶለታል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ጂቡቲ ያገለገለ ሰው ከወጣ በኋላ አስም ከተገኘበት፣ ወይም ሥር የሰደደ ሳይነስ ካለበት፣ ቪኤ ራሱ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ብሎ ይቀበላል። ሶማሊያ፣ ኢራቅ፣ ኩዌትና ሳዑዲ ላገለገሉ ቀኑ ከኦገስት 2 ቀን 1990 ይጀምራል። ስለዚህ እሱ ማሳየት ያለበት ሕመሙንና እዚያ መኖሩን ብቻ ነው።

ዛሬውኑ ግን «ልጠይቅ አስቤያለሁ» የሚለውን ፎርም 21-0966 ያስገባ። ይህ ቀኑን ይይዝለታል። ሙሉውን ማመልከቻ፣ ማለትም 21-526ኢዜድን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካስገባና ከተፈቀደለት ክፍያው ወደዚያ ቀን ተመልሶ ይታሰባል። ወረቀት ሳሰባስብ ብሎ ስምንት ወር የቆየ ሰው የስምንት ወር ገንዘብ አጣ ማለት ነው።

ዲዲ-214 ላይ፣ ማለትም ከጦሩ ሲሰናበት በተሰጠው ወረቀት ላይ፣ ጂቡቲ ካልተጻፈ አይደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የምደባ ትእዛዙ፣ የአደጋ ቀጠና ክፍያ የሚታይበት የደሞዝ ወረቀት፣ እዚያ ሳለ የተሰጠው የሥራ ግምገማ ይሠራሉ። አብሮት የነበረ ጓደኛም በምስክርነት ፎርሙ በ21-10210 ይጻፍለት፦ የትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው፣ በዓይኑ ምን እንዳየ። «ጎበዝ ወታደር ነበር» የሚል ምስክርነት ምንም አይጨምርም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ምርመራው። ቪኤ ለሐኪም ይልከዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል። የእኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ያ ቃል እንዳለ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሰላምታው ሰላምታ ይሁን፤ ቀጥሎ ግን የከፋውን ቀን ይናገር፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ትንፋሽ አጥሮት ይነሳል፣ ደረጃ ሲወጣ የት ላይ ይቆማል፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ ይቀራል። ማጋነን አያስፈልግም፤ መደበቅ ግን በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ቪኤ የሕመሙን ክብደት በመቶኛ ይለካል፤ ክፍያውም በዚያ ይተመናል። የአስሙ መቶኛ የሚወሰነው በትንፋሽ መለኪያውና በመድኃኒቱ ነው። ኢንሄለር አልፎ አልፎ የሚወስድ 10 በመቶ፣ በየቀኑ የሚወስድ 30 በመቶ፣ በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ወይም የሚወጋ ስቴሮይድ የታዘዘለት 60 በመቶ ያገኛል። በየቀኑ እየወሰደ ማዘዣው ላይ «ሲያስፈልግ» ተብሎ ከተጻፈ ሐኪሙን አነጋግሮ ያስተካክል፤ ከፋርማሲም መድኃኒቱን ያወጣባቸውን ቀናት ዝርዝር ይጠይቅ። ሳይነሱ ለብቻው ይለካል። ሁለቱ ግን ዝም ብለው አይደመሩም፤ 30 እና 30 ቢያገኝ 51 ሆኖ ወደ 50 ይጠጋል።

ገንዘብ ለሚጠይቁ «አማካሪዎች» አትክፈሉ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ጠበቃም ቢሆን ማስከፈል አይፈቀድለትም። ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊውና አሜሪካን ሊጅን የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት እውቅና ባላቸው ሠራተኞቻቸው በነፃ ይሠራሉ፤ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ የቀድሞ ወታደሮች ቢሮዎችም እንዲሁ።

ከ2022 በፊት ጠይቀው የተከለከሉ ጓደኞች ካሉት በፎርም 20-0995 እንደገና ይጠይቁ፤ ሕጉ ተቀይሯል። እሱም ቢከለከል ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት ለመጠየቅ ውሳኔው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለው። 0 በመቶ ቢሰጠው ደግሞ ደብዳቤውን አይጣለው፤ ሕመሙ ከአገልግሎቱ መሆኑ ተመዝግቧል፣ ሲብስበት ጭማሪ መጠየቅ ይችላል። የሐኪም ወረቀቶቹ ላይ ያለው ስምና የአባት ስም አጻጻፍ ከዲዲ-214ቱ ጋር አንድ መሆኑን ከመላኩ በፊት አንቺ አይተሽ አረጋግጪለት።